ለዓለት መውጫ የሚበረክት ገመድ አመራረጥ፦ በወሎ ገደሎች ለሚወጡ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ገበያ ገብቶ «ጠንካራ ገመድ ስጡኝ» ያለ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የሚዘረጋለት የአይሱዙ ጭነት የሚታሰርበት ገመድ ነው። ይህ ገመድ ለተሠራበት ሥራ ጠንካራ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ኩንታል በኩንታል ላይ የተደረደረ እህል ጠፍሮ ይዞ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ፍንክች አይልም። ገደል ላይ የሚፈለገው ጠባይ ግን ሌላ ነው። ዓለት የሚወጣ ሰው ገመዱን ካያያዘበት የመጨረሻ ብረት 2 ሜትር ከፍ ብሎ ቢያዳልጠው፣ ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ቢያንስ 4 ሜትር ይወድቃል፤ በዚያ ውድቀት የተጠራቀመው ጉልበት የሚበርደው ገመዱ ሲለጠጥ ነው። የማይለጠጥ ገመድ ባይበጠስ እንኳ ምቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ሰውየው ወገብና አከርካሪ፣ እንዲሁም ዓለቱ ላይ ወደተተከለው ብረት ያስተላልፈዋል።

ስለዚህ ከዋጋውም ከቀለሙም በፊት መታየት ያለበት በገመዱ ጫፍ ላይ የተጠቀለለው ምልክት ነው። ተለጣጭ የመውጫ ገመድ የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር 892ን ያሟላ መሆኑ ተጽፎበት ይገኛል፤ በክብ ውስጥ የተጻፈች 1 ቁጥር ደግሞ ገመዱ ብቻውን ለመውጫ እንደሚበቃ ታመለክታለች። በክቡ ውስጥ ያለው ግማሽ (½) ከሆነ ወይም ሁለት የተያያዙ ክቦች ከታዩ፣ ገመዱ ከጥንዱ ጋር ካልሆነ በቀር ለመውጫ አያገለግልም። በዚህ ደረጃ መሠረት ነጠላ ገመድ 80 ኪሎ ግራም ክብደት ታስሮበት ሲጣል ቢያንስ 5 ከባድ ውድቀቶችን ሳይበጠስ ማለፍ አለበት፤ በመጀመሪያው ውድቀት የሚፈጠረው ኃይል ከ12 ኪሎኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው)፣ የገመዱ መለጠጥም ከ40 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ቁጥር 1891 የተጻፈበት ገመድ ከተገኘ እሱም ጥሩ ገመድ ነው፤ የተሠራው ግን እምብዛም ሳይለጠጥ ለመውረጃ፣ ዕቃ ለመሳቢያና ለነፍስ አድን ሥራ ስለሆነ፣ የሚወጣው ሰው ከብረቱ በላይ እየሄደ ሊወድቅ በሚችልበት አወጣጥ አይታሰርም። በዚህ ጊዜ «ደብረ ዳሞ ሰው በጠፍር እየተሳበ ይወጣ የለም ወይ» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እዚያ የሚወጣውን ሰው ከላይ ያሉት ሰዎች ወጥረው ስለሚይዙት ገመዱ አይላላም፤ ስለዚህ ረጅም ውድቀትን የመቀበል ፈተና አይገጥመውም።

ምልክቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው የመበርከት ጥያቄ የሚነሣው፤ ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። መለያው ላይ የሰፈረው የውድቀት ቁጥር 5 ከሆነው ይልቅ 9 የሆነው ገመድ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ይመስላቸዋል። ፈተናው ግን የሚለካው ገመዱ ውድቀትን የመቀበል አቅሙን እንጂ ዓለት ላይ ሲታሽ ምን ያህል እንደሚቆይ አይደለም። የዘመኑ የመውጫ ገመድ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤደልሪድ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ካስተዋወቀው ጊዜ ጀምሮ፣ ሁለት ክፍል አለው፦ አብዛኛውን ጭነት የሚሸከመው የተፈተለ እምብርትና እሱን የሚጠብቀው የተጎነጎነ ሽፋን። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ሽፋኑ ነው፤ ስለዚህ የሚበረክት ገመድ የሚፈልግ ሰው ሽፋኑ ከገመዱ ክብደት ስንት በመቶ እንደሚይዝ ከመለያው ያንብብ። እኔ ብጠየቅ፣ 40 በመቶ አካባቢ ሽፋን ያለውንና ውፍረቱ ከ9.8 እስከ 10.2 ሚሊ ሜትር የሆነውን እመርጣለሁ። በ9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያሉት ቀጫጭኖች ለሸክም ይቀላሉ፤ ግን ሽፋናቸው ስስ ነው፣ ከታች ሆኖ ገመድ ለሚይዘው ጀማሪም ከእጁና ገመዱ ከሚያልፍበት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ቶሎ ያመልጣሉ።

ይህን ምርጫ የሚያስገድደው የወሎ ድንጋይ ነው። ከላስታ እስከ ደላንታና መቅደላ ያሉት ገደሎች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ቅልጥ የተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ናቸው። ባዛልት ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ ምሰሶ ስለሚሠራ ጠርዙ ብዙ፣ ስለቱም የከፋ ነው። ገመድ በተወጠረበት ሰዓት በእንዲህ ዓይነት ጠርዝ ላይ ወደ ጎን ከተሳበ፣ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ሊቆረጥ ይችላል፤ በመሆኑም ወፍራም ሽፋን ጊዜ ይገዛል እንጂ ጠርዙን አያስቀርም። ገመዱ ጠርዝ በሚነካበት ቦታ ሁሉ ማያያዣውን አርዝሞ መንገዱን ማቃናት፣ ወይም ወፍራም ሸራ ከሥሩ ማንጠፍ ያስፈልጋል።

በውሃ የማይርስ ተብሎ በውድ የሚሸጠው ዓይነት ለበረዶና ለዝናብ የታሰበ ነው። ገመዱ የተሠራበት ናይለን ሲርስ አቅሙ ስለሚቀንስ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን እርጥብ ባዛልት ላይ መውጣት ራሱ የማይመከር ስለሆነ፣ በበጋ ብቻ የሚወጣ ሰው ያንን ገንዘብ ለወፍራም ሽፋን ቢያውለው ይሻላል። ርዝመት 60 ሜትር ይበቃል። ከታች ሆኖ የሚይዘው ጓደኛ የወጣውን ሰው መልሶ ሲያወርደው ገመዱ ደርሶ መልስ ስለሚሄድ፣ በ60 ሜትር የሚወጣው ገደል ከ30 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ገመዱ በመቆጣጠሪያው አልፎ እንዳያመልጥም ጫፉ ይቋጠራል። አሥር ሚሊ ሜትር የሚወፍር 60 ሜትር ገመድ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል።

ደረጃውን የጠበቀ ገመድ እንደ ልብ በማይገኝበት አካባቢ፣ ከውጭ የመጣ ሰው ትቶት የሄደ ገመድ በስጦታም በሽያጭም ይቀርባል። ታሪኩ ያልታወቀ ገመድ በነጻም ቢሆን ባይወሰድ ይመረጣል፤ ባለቤቱ የታወቀ ከሆነ ግን የተመረተበትን ዓመት ጠይቆ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በክንድ በክንድ እየለቀቁ በሁለት ጣት መዳሰስ ይገባል። ቀስ ብሎ ይዳሰስ፤ አንዱ ቦታ ላይ ድንገት የሚሳሳ፣ የሚያብጥ ወይም የሚደርቅ ነገር ካለ ጣት ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል። ከዚያ ያንን ቦታ አጥፎ መቆንጠጥ ነው፦ ጤነኛ ገመድ ሲታጠፍ መሐሉ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይተዋል፤ እምብርቱ የተጎዳው ግን ያለ ምንም እንቢታ ልጥፍ ይላል። ነጭ እምብርት በሽፋኑ ሥር ከታየ ምርመራው እዚያው አበቃ።

አንድ ጉዳት ግን ዓይንም ጣትም ላያገኘው ይችላል፤ እሱም የባትሪ አሲድ ነው። ገመዱ በመኪና ላይ ከአሮጌ ባትሪ አጠገብ ተጭኖ ከመጣ፣ የአሲዱ ጠብታ ይቅርና ትነቱ ናይለንን ሊያዳክም ይችላል፤ ሽፋኑ ግን አዲስ መስሎ ይቀራል። ስለዚህ ገመድ በራሱ ከረጢት ይጓዛል፣ ከነዳጅና ከባትሪም ይርቃል።

የተገዛው ገመድ የሚበረክተው በአያያዝ ነው። የበጋ አቧራ ወደ ውስጥ ገብቶ ክሩን እንደ ሞረድ ስለሚበላው፣ ገመዱ መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ ይከመራል፤ አይረገጥም። ሲቆሽሽ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ የደጋው ፀሐይ ናይለን ላይ ይበረታል። በየሳምንቱ የሚሠራበት ገመድ አንድ ዓመት ገደማ፣ በወር አንዴ የሚወጣበት አምስት ዓመት ገደማ ይታሰብለታል፤ ምንም ሳይነካ መደርደሪያ ላይ የቆየውም ቢሆን ከ10 ዓመት በኋላ አይወጣበትም። ከባድ ውድቀት የተቀበለ ወይም ጠርዝ ላይ የተመታ ገመድ ግን ዕድሜው ሳይጠየቅ ከመውጫ ሥራ ይሰናበታል።

ያ ገመድ ለጎረቤት ከመሰጠቱ በፊት ሁለትና ሦስት ሜትር እያለ ይቆራረጥ። በሬ ለማሰርና አህያ ለመጫን በቂ ነው፤ ሙሉውን ከተሰጠ ግን፣ አንድ ጎረምሳ ማር ሊቆርጥ ገደል ሲወርድ ወገቡ ላይ ሊያስረው ይችላል።