የሱፐርኖቫን ብርሃን ስናነብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የሱፐርኖቫን (የሚፈነዳ ኮከብን) ስፔክትረም፣ ማለትም በየቀለሙ ተለያይቶ የተዘረጋ ብርሃኑን፣ የሚያይ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው በውስጡ የሚታየው ጥቁር ወይም ብሩህ መስመር የየትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ጋዙ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ፣ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣና ፍንዳታው ስንት ቀን እንደሆነው ካልተጠየቀ መልሱ ያሳስታል።

መስመሩን በቤተ ሙከራ በሚታወቅበት ቦታ ብቻ መፈለግ

የሲሊከን ታዋቂ መስመር 635.5 ናኖሜትር ላይ ነው። «አንድ ኤ» (Ia) በሚባለው የሱፐርኖቫ ዓይነት ግን ድምቀቱ ጣሪያ በሚደርስበት ሰሞን ብርሃኑ የተዋጠበት ጥቁሩ ሸለቆ 615 ናኖሜትር ገደማ ላይ ይታያል። ብርሃኑን የሚውጠው ጋዝ በሰከንድ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ወደ እኛ ስለሚመጣ መስመሩ ወደ ሰማያዊው ወገን ይሸሻል። በዙሪያው ያለው ጋዝ ደግሞ ብርሃን ስለሚረጭ ከሸለቆው ቀጥሎ ብሩህ ጉብታ ይፈጠራል። ሸለቆውና ጉብታው የአንድ ንጥረ ነገር ሥራ ናቸው፤ ለየብቻ ስም ሊሰጣቸው አይገባም። ፍጥነቱን ከማስላት በፊት ጋላክሲው ራሱ ከእኛ በመራቁ የመጣው የቀለም ሽግሽግ መቀነስ አለበት።

የመስመርን ጉልህነት የብዛት መለኪያ ማድረግ

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሴሲሊያ ፔይን በ1925 እንዳሳየችው፣ በፀሐይ ስፔክትረም የካልሲየምና የብረት መስመሮች ጎልተው ቢታዩም ፀሐይ በአብዛኛው የተሠራችው ከሃይድሮጅን ነው። የመስመሩን ጥንካሬ የሚወስነው የአተሙ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም ጭምር ነው። በሱፐርኖቫም ጥቂት ካልሲየም ትልቅ መስመር ሊያወጣ ይችላል። ሂሊየም በተቃራኒው ለመቀስቀስ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ መስመሩ እንዲታይ ብዙውን ጊዜ ሬዲዮአክቲቭ ኒኬል ሲፈርስ የሚለቀቀው ኃይል ሊደርስበት ይገባል። ስለዚህ የሂሊየም መስመር ስላልታየ ብቻ ሂሊየም የለም ብሎ መደምደም አይቻልም።

በአንድ ሌሊት ምልከታ መፍረድ

የተበተነው ቁስ እየሰፋ ሲሳሳ እይታችን ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘልቃል። በ1993 ኤም 81 በተባለው ጋላክሲ የታየው ሱፐርኖቫ በመጀመሪያ የሃይድሮጅን መስመሮች ነበሩት፤ ከሳምንታት በኋላ የሂሊየም መስመሮች ጎልተው ወጡ። ኮከቡ ከመፈንዳቱ በፊት አብዛኛውን የሃይድሮጅን ካባውን አጥቶ ስለነበር የቀረው ስስ ሽፋን ነበር።

ንብርብሮቹ ሳይደባለቁ ይቆያሉ ብሎ ማሰብም ያሳስታል። በ1987 ጎረቤታችን በሆነው ትልቁ የማጄላን ደመና በተባለው ጋላክሲ ከታየው ሱፐርኖቫ የኮባልት-56 (በፍንዳታው መሃል የተፈጠረው ኒኬል ሲፈርስ የሚገኝ ሬዲዮአክቲቭ ቁስ) የጋማ ጨረር መስመሮች ከተጠበቀው ወራት ቀድመው ደረሱ። በመሃል የተፈጠረው ቁስ ፍንዳታው ሲያናውጠው ወደ ውጭ ተገፍቶ ነበር።

እያንዳንዱን መስመር የፍንዳታው ቁስ ነው ማለት

በፍጥነት የሚበተን ጋዝ መስመሩ ሰፊ ነው። 589 ናኖሜትር አካባቢ የሚታየው ቀጭን የሶዲየም መስመር በአብዛኛው በመንገድ ላይ ያለ የጋላክሲ ጋዝ ነው። ቀጭን ብሩህ የሃይድሮጅን መስመር ከሆነ ግን በጥንቃቄ ይመርመር፤ ኮከቡ ከመሞቱ በፊት ያራገፈውና አሁን የፍንዳታው ቁስ እየተላተመው ያለ ጋዝ ሊሆን ይችላል።