የቻርፒ ውጤት የሌለው ባለ 32 ሚሊ ላሜራ፦ እንዴት እንዳለፍነው

ኮምቦልቻ ወርክሾፓችን ውስጥ የግፊት ታንክ እየሠራን ነበር። ላሜራው ኤስኤ-516 ግሬድ 70 የሚባል የታንክ ብረት፣ ውፍረቱ 32 ሚሊ ሜትር። ዝቅተኛው የዲዛይን ሙቀት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ። ኢንስፔክተሩ "የቻርፒ ውጤቱ የታለ?" አለን። ቻርፒ ብረቱ በቅዝቃዜ ሲመታ በቀላሉ እንደማይሰበር የሚፈተሽበት ነው። ሥራው ቆመ።

መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚፈትሽልን ላብራቶሪ ፍለጋ ደዋወልን። ሦስት ቀን ባከነ። ከዚያ የግፊት ታንክ አሠራር ደንብ የሆነውን የአሜሪካውን የኤኤስኤምኢ ኮድ ከፍተን፣ ከቻርፒ ነጻ የሚያደርገውን አንቀጽ ዩጂ-20(ኤፍ) አየን። እሱ የሚያገለግለው እስከ 25 ሚሊ ነው። ሌላው አንቀጽ ዩሲኤስ-66 ደግሞ ብረት በየውፍረቱ ያለ ቻርፒ እስከ ስንት ዲግሪ ቅዝቃዜ እንደሚፈቀድ በከርቮች (በግራፍ መስመሮች) ያሳያል። እዚያ ላይ ላሜራውን ከርቭ ቢ ላይ አስቀመጥነው፤ ከ40 ሚሊ በታች ስለሆነ ኖርማላይዝ አልተደረገም (ማለትም ብረቱ እንዲጠነክር ሞቆ በአየር አልቀዘቀዘም) ብለን። ቢ ለዚህ ውፍረት ከዜሮ በላይ ነው የሚፈቅደው። አልሆነም።

የፈታልን የፋብሪካው ሰርተፍኬት ነው። በእጃችን የነበረው የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነበር። ሙሉውን አስላክን። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ የሙቀት ሕክምና በሚለው ዓምድ ሥር፣ አንዲት "ኤን" አለች። ኖርማላይዝድ ማለት ናት! ላሜራውን በሽቦ ብሩሽ ፈትገን የተመታበትን የሂት ቁጥር (ብረቱ የቀለጠበትን ዙር የሚለይ ቁጥር) አነበብን። ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው። ኖርማላይዝድ ሲሆን ከርቭ ዲ ውስጥ ይገባል፤ ዲ ደግሞ ለ32 ሚሊ ከእኛ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በደንብ ዝቅ ይላል። ያለ ቻርፒ አለፈ።

ላሜራ ስትቆርጡ የሂት ቁጥሩን ወደ እያንዳንዱ ቁራጭ ማዛወር አትርሱ፣ አደራ።