ወንጌልን ለአንድ ሰው እንዴት እንናገር? እሺ ካለስ በኋላ?

ገበያ ቀን ነበር። አንድ ቦርሳ ሙሉ ትራክት (ወንጌል የታተመበት ወረቀት) ይዤ ጅማ መርካቶ ወረድኩ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የጅማን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግማሹ ወረቀት ጭቃ ውስጥ ተረግጧል፤ አንዱ ደግሞ ኦቾሎኒ ተጠቅልሎበት ወደ እኔው ሲመለስ አየሁት። ኦቾሎኒውን ገዝቼ በላሁ፣ ምን ላድርግ። ያን ቀን ብዙ ሰው አነጋግሬያለሁ፤ ዛሬ ግን የአንዳቸውንም ስም አላውቅም።

ማቴዎስ 28፥19-20ን ስንጠቅስ «ሂዱ» የምትለዋ ላይ ድምፃችን ከፍ ይላል። በግሪክኛው ግን ዋናው ትእዛዝ «ደቀ መዛሙርት አድርጓቸው» የሚለው ነው። መሄዱም፣ ማጥመቁም፣ ማስተማሩም በእሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ደቀ መዝሙር ደግሞ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪውን አስቡት፤ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሃ ቀድቶ፣ የኔታ እግር ሥር ዓመታት ቁጭ ብሎ፣ ዜማውን ብቻ ሳይሆን የመምህሩን አነጋገርና አረማመድ ጭምር ይዞ ነው የሚወጣው። ይሄ በወረቀት እደላ አይመጣም። እና አሁን እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ።

1. አንድ ሰው ያዙ

ከተማውን ሁሉ ተዉት። እንድርያስ መጀመሪያ የሄደው ወደ ገዛ ወንድሙ ወደ ስምዖን ነው። በየቀኑ የምታገኙትን ሰው አስቡ፦ ባለሱቁን፣ የሰፈሩን ባለባጃጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ የዶርም ጓደኛችሁን። ሁለት ሦስት ስም ጻፉና ጸልዩ። ከመካከላቸው አንዱ ራሱ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

2. ቡናው ላይ አዳምጡ

እኔ አቦሉ ሳይቀዳ «ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋል» የሚለው ሮሜ 3 ላይ የምደርስ ሰው ነበርኩ። በቡና አገር ተወልዶ እንዲህ መቸኮል ነውር ነው። ፊልጶስን እዩት። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬን ጃንደረባ ሲያገኘው መጀመሪያ ጠየቀው፤ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» አለው። ስብከቱንም የጀመረው ሰውየው ከያዘው ከኢሳይያስ ነው። እናንተም አቦሉን አዳምጡ፣ ቶናውን ጠይቁ፤ በረካው ላይ ካልደረሰላችሁ ሌላ ቀን አለ።

ቋንቋውንም አትርሱ። ብዙ የጅማ ሰው የሚያዝነውም የሚጸልየውም በኦሮምኛ ነው፤ ስለዚህ አብራችሁ በኦሮምኛ አንብቡ። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱን እ.ኤ.አ. በ1899 አሳትሞልናል፤ እኛ ዛሬ ስልካችን ላይ ማውረድ ይታክተናል።

3. ሲደርስ በአጭሩ ተናገሩ

1 ቆሮንቶስ 15፥3-4 ይበቃል፦ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ከዚያ ይሄ ነገር እናንተን ምን እንዳደረጋችሁ ሳታጋንኑ ንገሩት።

እዚህ ላይ ልቆጣ። ጅማ ውስጥ አዛኑም ቅዳሴውም የእኛም መዝሙር በአንድ ጠዋት ይሰማል። የጎረቤትን እምነት እየሰደቡ ወንጌል መስበክ የለም፤ ጴጥሮስም «በየዋህነትና በፍርሃት» ነው ያለው። በሥራ፣ በብር፣ በልብስ ማባበል ደግሞ ከስድብ ይብሳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን የሰጠው ለእኛም ለእሱም ነው። እምቢ ካለ እምቢ ነው። በማግስቱ ሰላምታችሁ ከቀዘቀዘ፣ መጀመሪያውኑ አልወደዳችሁትም ነበር።

4. እሺ ካለ ሥራው ገና ተጀመረ

ብዙዎቻችን እዚህ ጋ እጃችንን አራግፈን እንሄዳለን። ቀንና ሰዓት ቁረጡ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት አንድ ብታነቡ አራት ወር ገደማ ይወስዳል። በየሳምንቱ ሦስት ነገር ተነጋገሩ፦ ምን ይላል? ይሄን ሳምንት ምን አደርጋለሁ? ለማን እነግራለሁ? በሚቀጥለው ስትገናኙ ሁለታችሁም፣ እናንተም ጭምር፣ አደረጋችሁ አላደረጋችሁ ሳትሸፋፈኑ ንገሩ።

ቤታችሁም አስገቡት። ከትዳር አጋራችሁ ጋር ስትጣሉ እንዴት እንደምትታረቁ ይይ። ቡና ነጋዴ ከሆናችሁ ሚዛናችሁን ይይ፤ ከአሥር ስብከት ያንን ነው የሚያስታውሰው። ወደ ቤተክርስቲያን ይዛችሁት ሂዱ፣ ጥምቀቱን ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋገሩ፤ የግል ንብረታችሁ አይደለም።

5. ለሌላ እንዲያስተላልፍ ልቀቁት

2 ጢሞቴዎስ 2፥2 ላይ አራት ትውልድ አለ፦ ጳውሎስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የታመኑ ሰዎች፣ ሌሎች። «ገና አልበሰለም» እያላችሁ አትያዙት። ማርቆስን የጨረሰ ሰው ማርቆስን ማስነበብ ይችላል።

እኔ ይዤው የነበረ አንድ ባለባጃጅ ነበር፤ ማክሰኞ ማታ ነበር የምንገናኘው። ባለፈው ወር ደወለና «ወንድምዓለም፣ ዛሬ አልመጣም» አለኝ። ደነገጥኩ። ምን ሆነህ ብለው፣ «ሰው ቀጥሬያለሁ፣ ማርቆስ አንድን ልንጀምር ነው» አይለኝም! ቡናው ተፈልቶ ስለነበር ብቻዬን እስከ በረካው ጠጣሁት።