ማን ቀድሞ ይደርቃል? የሞለኪውሎችን መሳሳብ በቤት ዕቃ ማሳየት

የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። «ውሃ ሲፈላ ምን ይሆናል?» ብዬ ስጠይቅ፣ «ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይለያያሉ» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። አይለያዩም! እንፋሎቱም ያው ውሃ ነው። የሚላቀቁት ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ነው። ይህ በቃል ከሚጠና በዓይን ቢታይ ይሻላል።

ከፋርማሲ አልኮል፣ ከኮስሞቲክስ ሱቅ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን፣ ከማድቤት የምግብ ዘይትና ውሃ አዘጋጁ። መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ለመለኪያ ይሆናል። አልኮልና አሴቶን ቶሎ ስለሚቀጣጠሉ አጠገባቸው እሳት አይኑር። መስኮትም ክፈቱ።

ሶፍት እኩል እኩል ቁረጡና ሳህን ላይ ደርድሩ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ጠብታ አድርጉ። ባዶ ሳህን ላይ ካደረጋችሁት አሴቶኑ ስለሚሰፋ ውድድሩ ፍትሃዊ አይሆንም። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ልጆቹ ግምታቸውን ይጻፉ። ይህን አትዝለሉት። ያልገመተ ልጅ አይቶ ይረሳዋል።

አሴቶኑ ቀድሞ ይደርቃል። አልኮሉ ይከተላል፣ ከዚያ ውሃው። በባሕር ወለል ከፍታ አሴቶን በ56፣ ንጹህ ኢታኖል (አልኮሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) በ78፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላሉ። (አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ነው እንጂ መሳሳቡ ስለላላ አይደለም።)

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በውሃ ውስጥ ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። ሃይድሮጂኖቹ ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆኑና የጎረቤት ሞለኪውልን ኦክስጅን ይይዛሉ። ሃይድሮጂን ቦንድ የምንለው ይህን ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል እስከ 4 እንዲህ ዓይነት ትስስር ሊኖረው ይችላል። ኢታኖል ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ ሃይድሮጂን ያለው አንድ ብቻ ነው። አሴቶን ጭራሽ የለውም።

አሁን ዘይቱን ተመልከቱ። ሃይድሮጂን ቦንድ የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ልጆች ቀድሞ ይደርቃል ብለው ይጽፋሉ። እሱ ግን በማግስቱም እዚያው ነው። እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው፣ ጊዜ ስጡት። ኤሌክትሮኖች ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ለቅጽበት ወደ አንድ ጎን ሲያደሉ የጎረቤትንም ኤሌክትሮኖች ያዛባሉ፤ ሁለቱ ይሳሳባሉ። የፊዚክስ ሊቁ ፍሪትዝ ለንደን በ1930 እ.ኤ.አ. ያብራራው ይህን ኃይል ነው። በአንድ ነጥብ ላይ በጣም ደካማ ነው። የዘይት ሞለኪውል ግን ረጃጅም ሰንሰለቶች ስላሉት መሳሳቡ በርዝመቱ ሁሉ ይደመራል። እዚህ ስደርስ «ድር ቢያብር» ስል ተረቱን የሚጨርሱልኝ ልጆቹ ናቸው።

ጊዜ ካላችሁ ሳንቲም ላይ ውሃ በጠብታ ጨምሩ። ከጠርዙ በላይ ተቆልሎ ይቆማል። ጫፉ ፈሳሽ ሳሙና የነካ እንጨት ስታስጠጉበት ይፈሳል፤ ሳሙናው የላይኛውን የውሃ መሳሳብ ያላላዋል።

በመጨረሻ ሰሌዳ ላይ ኢታኖልና ዳይሜቲል ኢተር ጻፉ። ሁለቱም 2 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጂንና 1 ኦክስጅን አላቸው። አንዱ የሚፈላው በ78፣ ሌላው ከዜሮ በታች በ24 ዲግሪ ነው። ልጆቹ ሁለቱንም ይሳሉና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ራሳቸው ይፈልጉት።