የንፋስ ዲናሞ ስትገዙና ስትተክሉ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለው የአጎቴ ቤት መብራት አልገባለትም። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ትንሽ የንፋስ ዲናሞ፣ ማለትም ንፋስ ክንፏን ሲያዞረው መብራት የምታመነጭ ማሽን፣ አገኘሁና ተከልኩለት። ባለ ሦስት ክንፍ ናት፤ ከጫፍ ጫፍ 1.2 ሜትር፣ 12 ቮልት። የተሠራችው ሸራ ጀልባ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ባህር ላይ ዛፍ የለም፣ ጣሪያ የለም፣ ንፋስ የሚጋርድ ነገር የለም። ጎጃም ሌላ ነው። ስህተቴ ሁሉ የመጣው ይህን ከመርሳት ነው።

ካርቶኑን ማመን

ካርቶኑ 400 ዋት ይላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ንፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ሲነፍስ ነው። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በዚያ ላይ ደጋ አየሩ ስስ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ስለምትበልጥ፣ ሩብ ያህሉ ጉልበት ገና ከመነሻው ይጎድላል። ሒሳቡን ስሠራው በ5 ሜትር ንፋስ የማገኘው 20 ዋት ገደማ ሆነ። ሁለት አምፖልና አንድ ስልክ ማለት ነው።

መለኪያ ከሌላችሁ ዛፍ እዩ። ቅጠልና ጭራሮ ሳያቋርጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ንፋሱ ከ3.5 እስከ 5.5 ሜትር ነው። የካርቶኑ 12 ሜትር ትልልቅ ቅርንጫፎች የሚነቃነቁበት ነው። እንዲህ ያለ ንፋስ ደጃችሁ በዓመት ስንት ቀን ይመጣል?

ጣና ዳር ያላችሁ ደግሞ ንፋሱ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሳ ታውቃላችሁ፤ ታንኳ በጠዋት የሚወጣው ለዚያ ነው። ፀሐይ እያለ ከሚመጣ ንፋስ ሶላሩ ይበልጣል። ባሕር ዳር መሃል ከተማ ላለ ሰውማ ሶላር ግዛ ብዬ እገላግለዋለሁ።

ጣሪያ ላይ መትከል

መጀመሪያ ያሰርኳት ቆርቆሮው አናት ላይ ነበር። ሌሊት ንፋስ ሲነሳ ቤቱ እንዳለ ማጉረምረም ጀመረ። አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣና «ኧረግ! አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታስነሳው ነው እንዴ?» አለኝ። ንዝረቱ ምስማር ያላላል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ደግሞም ንፋስ ጣሪያ ሲመታ ይተራመሳል፤ ክንፏ ወዲያ ወዲህ ስትዞር ትውላለች እንጂ አታመነጭም። በማግስቱ አወረድኳት። አሁን ከቤቱ ራቅ ብሎ በአራት ካቦ የተወጠረ የብረት ምሰሶ ላይ ናት። ምሰሶው ከሥሩ የሚታጠፍ ይሁን። መሰላል ላይ ወጥቶ ዲናሞ መጠገን እብደት ነው።

የሶላር ኮንትሮለር ላይ መሰካት

በጣም ያስከፈለኝ ይሄ ነው። የሶላር ኮንትሮለር ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠር ዕቃ ነው። ባትሪው ሲሞላ ፓኔሉን ይቆርጠዋል፤ ፓኔሉ ምንም አይሆንም። የንፋስ ዲናሞ ግን ከባትሪው ስትቆረጥ ሸክሟ ስለሚነሳላት ልጓሟ እንደተበጠሰ ፈረስ ትጋልባለች፣ ቮልቷም ይተኮሳል። አንድ የመጋቢት ቀን ከሰዓት ባትሪው ሞላ፣ ኮንትሮለሩ ቆረጠ፣ ዲናሞዋ ማፏጨት ጀመረች። ስንደርስ ኮንትሮለሩ ጨሷል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣም።

የሚያስፈልገው ለንፋስ የተሠራ ኮንትሮለር ነው። ባትሪው ሲሞላ ትርፉን ወደ ማሞቂያ ሽቦ አዙሮ በሙቀት መልክ ያስወጣዋል። ማሞቂያው ስለሚግል ከሣርና ከጭድ አርቁት። ማቆሚያ ማብሪያ ማጥፊያም ይኑራት፤ የዲናሞዋን ሦስት ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ የሚይዛት ነው። ንፋሱ ሳይበረታ ቀድማችሁ ተጫኑት። በማዕበል መሃል ከተጫናችሁት ውስጧ ያለው የሽቦ ጥቅል ሊቃጠል ይችላል።

ቀጭን ሽቦ

300 ዋት በ12 ቮልት 25 አምፔር ነው። ምሰሶው ከባትሪው 30 ሜትር ቢርቅና ሽቦው 6 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 60 ሜትር ላይ ከ100 ዋት በላይ በመንገድ ይቀራል። ባለ 24 ቮልት ብትገዙ ኪሳራው ወደ ሩብ ይወርዳል። እኔ ዘግይቼ ነው የገባኝ። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርጉ፤ ምሰሶውንም በሽቦ ከመሬት ጋር አገናኙት። የጎጃም ክረምት መብረቁ ቀልድ አያውቅም።

ተክሎ መርሳት

ካቦዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ይላላሉ፤ እንደገና አጥብቋቸው። ከዚያ በዓመት ሁለቴ፣ ክረምት ሳይገባና ከወጣ በኋላ፣ ምሰሶውን አስተኝታችሁ ቡሎኖቹን ፈትሹ። ክንፍ ከተሰነጠቀ አንዱን ብቻ አትቀይሩ፤ ክብደታቸው ካልተመጣጠነ ንዝረቱ ኩሽኔታውን ይበላዋል። አንድ ቀላል ፈተና ላሳያችሁ። ሽቦዎቹን ነቅላችሁ በእጅ አዙሯት፤ ያለ ድምፅ መዞር አለባት። ከዚያ ሁለት ሁለቱን ሽቦ እያገናኛችሁ አዙሩ፤ በሦስቱም ጥንድ እኩል መክበድ አለባት። አንዱ ጥንድ ላይም ቢሆን ቀለል ካለች ውስጡ የተቆረጠ ሽቦ ሊኖር ይችላል።

ከማሽኑ ውጭ ያለውንም እዩ። የክንፉ የታችኛው ጫፍ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ቢያንስ 9 ሜትር ከፍ ቢል ይመከራል። እኔ ስተክል የአጎቴ ባህር ዛፍ ከወገቤ አይበልጥም ነበር። አሁን ምሰሶውን ሊያልፈው ነው፤ ዲናሞዋም ዘንድሮ ከአምናው ያነሰ ታመነጫለች። ቁረጠው ብዬ ለምኜዋለሁ። እሱ ግን የአጣና ዋጋ እስኪወደድ እየጠበቀ ነው።