ስለ መሪና ስለ ዕጩ እንዴት እንከራከር፦ ከከዚራ የከሰዓት ጨዋታ የተቀዳ መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ሰውን ወደ ጥላ በሚሰበስብበት ሰዓት፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ውሃውና የሻዩ ፔርሙዝ ከቀረበ በኋላ፣ ጨዋታው ከኳስ ተነሥቶ መሪዎች ላይ ሳያርፍ የሚመሽበት ቀን ጥቂት ነው። ከዚራ በሚገኝ የአንድ ወዳጄ ቤት ለብዙ ዓመታት ይህን ክርክር ስሰማና እኔም ስሳተፍበት ቆይቻለሁ። እንደታዘብኩት ክርክሩ የሚከሽፈው ሰዎቹ ዕውቀት ስላነሳቸው አይደለም፤ አንዱ ስለ ሰውየው ጠባይ፣ ሌላው ስለ ዘመኑ፣ ሦስተኛው ስለ አንድ ውሳኔ እየተናገሩ ሁሉም ስለ አንድ ጉዳይ የሚናገሩ ስለሚመስላቸው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድ ምክር ላይ የቆመ ነው፦ ሰውየውን ትታችሁ ውሳኔውን ያዙ፤ ውሳኔውንም የተቀመጠበት ወንበር ከሚሰጠው ሥልጣን ጋር አያይዛችሁ መዝኑት።

ከወንበሩ እንጀምር። «ፕሬዚዳንት» የሚለው ቃል በአገራችን እንኳ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከ1979 ማብቂያ ጀምሮ ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ጥለው እስከ ወጡበት ቀን ድረስ ፕሬዚዳንት ተብለው ሲጠሩ፣ ጦሩም፣ ፓርቲውም፣ መንግሥቱም በእጃቸው ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ፕሬዚዳንቱ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት የሚመርጡት ርዕሰ ብሔር ነው፤ የአስፈጻሚው የበላይም ሆነ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። በዚያ ቤት በ1990 የተጀመረውን የኤርትራ ጦርነት አመራር በተመለከተ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ሲወቀሱ ሰምቼ አውቃለሁ። ወቃሹ ስለ ጦርነቱ የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው። የአንድን መሪ ጥፋት ከማንሣታችሁ በፊት «ይህን ለማድረግ ወይም ላለማድረግ ሥልጣን ነበረው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «አልነበረውም» ከሆነ ወቀሳውን ወደ ባለቤቱ ውሰዱት።

ይኸው ጥያቄ ለውጭ አገር ዕጩዎችም ይሠራል፤ የአሜሪካ ምርጫ በደረሰ ቁጥር የእኛ ምንጣፍ ከዋሽንግተን ያላነሰ ይሞቃልና። አንዱ ዶናልድ ትራምፕ ጥቅምት 13 ቀን 2013 ስለ ሕዳሴ ግድብ የተናገሩትን ያነሣል፤ ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል ያሉትን ማለት ነው። ሌላው ጆ ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ማስወጣታቸውን ያነሣል። እነዚህ ሁለቱ እኩል አይመዘኑም። የመጀመሪያው ንግግር ነው፤ የሚያስቆጣ ቢሆንም በራሱ የለወጠው ነገር የለም፤ ሰውየው በዚህ ጉዳይ መወቀስ ካለባቸው፣ ከዚያ ቀደም ብሎ አስተዳደራቸው በግድቡ ድርድር ሰበብ ከእርዳታው ከፊሉን ማገዱን ማንሣት ይሻላል። ሁለተኛው ውሳኔ ነው፦ የአጎዋን ሕግ ያወጣው የአሜሪካ ምክር ቤት ቢሆንም አንድ አገር መስፈርቱን ማሟላት አለማሟላቱን በየዓመቱ የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ውሳኔውም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ለአሜሪካ ገበያ ልብስ እሰፋለሁ ብሎ ማሽን ለተከለ ባለሀብት፣ በዚያ ማሽን ላይ ለተቀጠረችው ልጅም፣ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ ስህተት የሚለው ክርክር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ አገር ቤት ከመመለሴ በፊት ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ልበል፤ ትንሽ ቢመስልም ስንት ከሰዓት በልቶብናል። አንድ ቀን አንድ ወጣት ከስልኩ እያነበበ «በ1977 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር» አለ። ከጎኑ የተቀመጡት የባቡር ጡረተኛ ቱግ ብለው «ልጄ፣ እኔ በ1977 እዚሁ ነበርኩ፤ የነበረው ድርቅ ነው!» አሉ። ግማሽ ሰዓት ተጯጯኹ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ጦሩ የመጣው በነሐሴ 1969 ነው፤ ፈረንጁ 1977 የሚለው ይህን ዓመት ነው። የእኛ ሰባ ሰባት ደግሞ የድርቁ ዓመት ነው። ስለዚህ ማንም ዓመተ ምሕረት ሲጠራ «በማን አቆጣጠር?» ማለት ነውር አይደለም። ከስልክ የሚነበብ ነገር ሁሉ ማን እንደተናገረውና መቼ እንደተናገረው ካልተጠቀሰ ለጊዜው ወደ ጎን ይደረግ።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ያለፈ መሪን በጅምላ መውቀስም ሆነ በጅምላ ማወደስ ቀላል ነው፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፣ ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ በዚያው ዛፍ ጥላ የተቀመጠ ሁሉ ጥላውን ብቻ ያስታውሳል። መድኃኒቱ መሪውን ወደ ውሳኔዎቹ መበተን ነው። የደርግን ነገር እንመልከት። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛን ከባላባት ያላቀቀ ውሳኔ ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬው ምርቱን ለመንግሥት ድርጅት በቁርጥ ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ መደረጉ ሌላ ውሳኔ ነው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት መወረሱ ደግሞ ሦስተኛ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ የአያቱ ቤቶች የተወረሱበት ሰውና በዚያው ዘመን በጥቂት ብር ኪራይ የቀበሌ ቤት አግኝቶ ልጆቹን ያሳደገ ሰው አንድ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጡ «ደርግ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ?» ብሎ መጠየቅ ጠብ መጋበዝ ነው። «የትርፍ ቤት አዋጁ ማንን ጠቀመ፣ ማንን ጎዳ፣ ከዚያ በኋላስ ቤት የሚሠራ ሰው ለምን ጠፋ?» ብትሉ ግን ሁለቱም የሚያዋጡት ነገር አላቸው፤ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ሲስማሙ አይቻቸዋለሁ።

አንድ ውሳኔ ወደቀ ለማለት የሚያስችል ሚዛንም ያስፈልጋል። እኔ የማምነው ውሳኔውን በራሱ በወሳኙ ዓላማ መመዘንን ነው፤ በእናንተ ዓላማ ከመዘናችሁት ባላጋራችሁ «እሱ መች ይህን ፈለገ» ብሎ ያመልጣችኋል። ለዚህ የሐረርጌን መንደር ምሥረታ ያህል የሚያስተምር የለም። በሰባ ሰባትና በሰባ ስምንት ተራርቀው ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች ቤታቸውን አፍርሰው፣ ጣሪያውን ተሸክመው፣ በመስመር ወደተቀየሱ መንደሮች እንዲገቡ ሲደረግ፣ የተነገራቸው ምክንያት ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በቅርብ ለማድረስ ነው የሚል ነበር። ያልተነገረው ምክንያት በአካባቢው ከሚንቀሳቀሱ ታጣቂዎች ሕዝቡን መነጠል ነው። በመጀመሪያው ዓላማ ስንመዝነው በብዙ ቦታ ቤቱ ተዛወረ እንጂ አገልግሎቱ አልተከተለም፤ ገበሬው ግን ከማሳው፣ ከቡናውና ከጫቱ ራቀ። ተከራካሪው «ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ ይሠራ ነበር» ቢል ደግሞ አንድ ጥያቄ አላችሁ፦ አስገዳጁ ሲላላ ሰዉ ወዴት ሄደ? በየካቲት 1982 መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ለውጡን ሲያውጅ፣ በብዙ አካባቢ ገበሬው ጣሪያውን መልሶ ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ሄደ። ሰው በገዛ እግሩ የሚሰጠውን ምስክርነት የሚስተካከል ማስረጃ አላውቅም።

ለድሬ ልጅ ግን የክርክር ሁሉ አውራ ባቡሩ ነው። ባቡሩ በ1895 ባይመጣ ኖሮ ከተማዋም አትኖርም ነበር፤ ስለዚህ በባቡር ጉዳይ ረጋ ብሎ የሚናገር የለም። ባለፈው ዓመት የሰማሁትን ላስፍር።

«አቦ ጋሼ፣ የድሮው ባቡር እኮ በእርጅና ነው የሞተው፤ ማን ገደለው ይሉናል?» አለ ያ ወጣት።

«በእርጅና ነው ወይስ መድኃኒት ተከልክሎ?» አሉ ጡረተኛው። «ሎኮሞቲቭ ፈትተን ስንገጥም ያደርንበትን ቤት እኔ ልንገርህ? ሰው አይደለም እኮ የጠፋው፤ መለዋወጫ ነው።»

«እሺ፣ አዲሱስ? በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋ…»

«ጣቢያው የት ነው? ልጄ፣ እዚያ ለመድረስ እኮ ባጃጅ እከፍላለሁ!»

ሁለቱም ስሜታቸውን እንጂ ውሳኔ አልጠሩም። ጉዳዩን ብንፈታው ቢያንስ ሦስት ውሳኔዎች ይወጡታል። አንደኛው አሮጌውን መስመር ሳይጠግኑ እንዲደክም መተው ነው፤ ይህ በአንድ ቀን የተወሰነ ሳይሆን ከአንድ በላይ መንግሥት በዝምታ የወሰነው ስለሆነ የአንድ መሪ ስም ብቻ መጥራት ትክክል አይመስለኝም። ሁለተኛው መስከረም 25 ቀን 2009 አዲስ አበባ ላይ የተመረቀውንና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን አዲስ መስመር መሥራትና ጣቢያውን ከከተማው ውጭ ማድረግ ነው፤ ለጭነት የሚመች ነገር ለተሳፋሪ ላይመች ይችላል፣ የጡረተኛው ቅሬታም በዚህ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። አብዛኛው ወጪ በቻይና ብድር የተሸፈነ ሲሆን፣ በ2010 መጨረሻ የመክፈያ ጊዜው ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደርሷል። ባቡሩን የሚያወድስ ሰው ይህን ማስረዳት ይኖርበታል፤ ከገቢው ጋር የማይመጣጠን የመክፈያ ጊዜ ማን ፈረመ? ባቡሩን የሚነቅፍም ሰው በበኩሉ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በሚያልፍበት ሁኔታ ሁሉንም በከባድ መኪና ማመላለስ ምን ያህል ያስወጣ እንደነበር መናገር አለበት። በእኔ ግምት መስመሩን መሥራት ትክክል፣ የብድሩ ውል ግን ጥድፊያ የታየበት ነበር፤ ጡረተኛው በዚህ አይስማሙም።

ጥፋትን ከአደጋ መለየትም ያስፈልጋል። በ1998 ክረምት የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ዝናቡን ያዘዘ ባለሥልጣን አልነበረም፤ ወንዙ ዳር ቤት እንዲሠራ መፈቀዱና ከላይ ዝናብ ሲጥል ለታችኛው ሰፈር የሚያስጠነቅቅ አለመኖሩ ግን የሰው ጉዳይ ነው። ወቀሳችሁን በሁለተኛው ላይ ብቻ አድርጉ፤ ያኔ የሚመልስላችሁ ይቸገራል።

ዕጩን መመዘን ያለፈ መሪን ከመመዘን ይከብዳል፤ ውሳኔው ገና አልተወሰነምና። በዚያ ቤት ብዙ የሚሰማው የትውልድ ነገር ነው። የጅቡቲው ፕሬዚዳንት ኢስማኢል ኦማር ጌሌ እዚሁ ድሬዳዋ መወለዳቸው ያኮራን ይሆናል፤ ከ1991 ጀምሮ አገራቸውን እንዴት እንዳስተዳደሩ ግን ምንም አይነግረንም። ብሔርንና ሃይማኖትን መጥራት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ አራት ቋንቋ በሚነገርበት ምንጣፍ ላይ ክርክሩን ወዲያው ይገድለዋል። የምትይዙት የዕጩውን የቀድሞ ሥራ፣ በዙሪያው የሰበሰባቸውን ሰዎችና የገባውን ቃል ከነገንዘብ ምንጩ ነው። ምንጩ ያልተነገረ ቃል «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስስ ነገር አለ። ጆ ባይደን ሰኔ 20 ቀን 2016 አትላንታ ላይ ከትራምፕ ጋር ባደረጉት ክርክር ቃል ሲጠፋባቸው የእኛ ቤት ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «የአንድ ምሽት ነገር ነው፣ የአራት ዓመት ሥራቸውን እዩ» ሲል፣ ግማሹ «አበቃ» አለ። እርሳቸውም ሐምሌ 14 ከውድድሩ ወጡ። የአራት ዓመቱ ሥራ ስላለፈው ይመሰክራል፤ ያ ምሽት የመሰከረው ስለሚመጡት አራት ዓመታት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። ስለዚህ ማስረጃ ስታቀርቡ «ይህ የሚያሳየው የቱን ነው፣ የሠራውን ወይስ ሊሠራ የሚችለውን?» ብላችሁ ለዩ።

ስለ ሰዓቱም አንድ ቃል፦ ቁም ነገሩን ምርቃናው ጫፍ ሳይደርስ አንሡት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጠቅላይ ሚኒስትር ነው።

በመጨረሻ ትንበያችሁን ጻፉ። የቤቱ ባለቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ባለመስመር ደብተር አለ፤ ከጥቅምት 2017ቱ የአሜሪካ ምርጫ በፊት ወጣቱ «ትራምፕ ካሸነፉ በአንድ ዓመት ውስጥ አጎዋ ይመለስልናል» ብሎ ጻፈበት፣ ጡረተኛው «ማንም ቢመጣ አጎዋ ባለበት ይቀጥላል፣ እኛም እንደተባረርን እንቀራለን» ብለው ፈረሙበት፤ መያዣው የአንድ ጠዋት ፈጢራ ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ፣ መስከረም 20 ቀን 2018፣ የሕጉ ዘመን ራሱ አበቃ። ደብተሩ ወጥቶ ሲነበብ ሁለቱም አሸንፌያለሁ አሉ፤ የፈጢራው ሒሳብ እኩል ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ ከሁለቱ ትንበያ በታች «ሁለቱም ባይሆንስ?» የሚል ሦስተኛ መስመር እናሰምራለን።