ፕሮሰሰሩን አጽድታችሁ ስትመልሱት ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ

አቧራውን ጠረጋችሁ፣ ከፕሮሰሰሩ (ስሌቱን ሁሉ ከሚሠራው ዋና ቺፕ) ላይ የደረቀውን ቴርማል ፔስት፣ ማለትም ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ አነሳችሁ፣ አዲስ ቀባችሁ፣ ሁሉንም መልሳችሁ ገጠማችሁ። ከዚያ ማብሪያውን ስትጫኑ ወይ ጸጥ፣ ወይ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር። በዚህ ሰዓት ብዙ ሰው «ፕሮሰሰሩን ገደልኩት» ብሎ ይደነግጣል። አይዟችሁ፣ ፕሮሰሰር እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። ከጽዳቱ በፊት ደህና ይሠራ የነበረ ኮምፒውተር ከጽዳቱ በኋላ እምቢ ካለ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እጃችሁ በነካው ቦታ ነው። ዕቃ ልትገዙ ከመሮጣችሁ በፊት እጃችሁ የሄደበትን መንገድ አንድ በአንድ ተመለሱበት።

ምንም ድምፅ ከሌለ ቀላሉን እዩ። ዲቫይደሩ በርቷል? ከኋላ በፓወር ሰፕላዩ (ኃይል በሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ዜሮው በኩል ተጭና ቀርታ ይሆን? ወደ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ ወደሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) የሚሄደው ትልቁ ባለ 24 ፒን ገመድ ቀጭ ብሎ እስኪቆለፍ ገብቷል? ከዚያ ከማብሪያው የሚመጡትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተመልከቱ። በጽዳት ጊዜ ሳይታወቅ ይነቀላሉ። እኔ የእህቴን ኮምፒውተር ሳጸዳ እነዚህ ሽቦዎች አንድ ፒን ስተው ገብተው ግማሽ ቀን ፓወር ሰፕላይ ስጠራጠር ውዬአለሁ።

ፋኑ እየዞረ ምስል ከሌለ ግን ዓይናችሁን መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ወዳለው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ አድርጉ። ማዘርቦርዱ ከ24ቱ ፒን ይመገባል፣ ፕሮሰሰሩ ግን የራሱን 12 ቮልት የሚያገኘው ከዚህ ነው። ይህ ካልተሰካ ፋን ይዞራል፣ መብራት ይበራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ጥግ ላይ ስለሆነ ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው የብረት ማቀዝቀዣ) ይጋርደዋል፤ ስለዚህ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ እዩ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የግራፊክስ ካርድ ባለ 8 ፒን ገመድ ይመሳሰላል፣ ግን የቮልቱ አቅጣጫ የተገላቢጦሽ ነው። አልገባም ካለ በጉልበት አትግፉት።

ቀጥሎ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ)። ሂትሲንክ ስትነቅሉና ስትገጥሙ ክንዳችሁ ይገፋዋል። አውጡት፣ ወርቃማውን ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ፍርፋሪውን ጥረጉና አንዱን ብቻ መልሱ። ቦርዱ አራት መሰኪያ ካለው ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ ሁለተኛው ላይ ሞክሩት። የሞኒተሩንም ገመድ እዩ። ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ (ምስል አውጪ ክፍል) የላቸውም፤ ስለዚህ ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ምንም አታዩም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ፕሮሰሰሩን መክፈት ግድ ነው። ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሴኮንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አፍስሱ፣ ከዚያ ክፈቱ።

እዚህ ላይ የኢንቴልና የኤኤምዲ ጉዳይ ይለያያል። ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት (የፕሮሰሰር መቀመጫ) የሚገቡት የኤኤምዲ ራይዘኖች 1331 ፒኖቻቸውን ራሳቸው ላይ ይዘዋል። የደረቀ ፔስት እንደ ሙጫ ስለሚይዝ ሂትሲንኩን ቀጥ አድርጎ የሳበ ሰው ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈበት ጭምር ነቅሎ ያወጣዋል፣ ፒን የሚታጠፈውም ያኔ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ኮምፒውተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ ፔስቱ ሲለሰልስ አጥፉትና ሂትሲንኩን ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አንሱት። የታጠፈ ፒን ካለ ተስፋ አትቁረጡ። እርሳሱ የወጣለት የሚገፋ እርሳስ ጫፍ አስገቡበትና በጣም ቀስ ብላችሁ ቀና አድርጉት፤ ደጋግማችሁ ወዲያና ወዲህ ካላችሁት ግን ይሰበራል። ኢንቴል ከ2004 ጀምሮ በዴስክቶፖቹ ፒኖቹን ወደ ማዘርቦርዱ አዛውሯል። እነዚያ ከፀጉር የሚቀጥኑ ናቸው፣ በጣት አይነኩም። በብርሃን አግድም እዩአቸው፤ ረድፉ ሁሉ እኩል ማብረቅ አለበት። አንዱ ለየት ብሎ ካበረቀ ችግሩ እሱ ነው። በቀጭን መርፌና በአጉሊ መነጽር ይስተካከላል፣ ግን እጅ የማይንቀጠቀጥ ሰው ይሥራው።

ፔስት ፒኖቹ መሃል ከገባ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አጥባችሁ በደንብ ይድረቅ። ስትመልሱት የፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችው ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ትገጥም። ፕሮሰሰር በራሱ ክብደት ቁጭ የሚል ዕቃ ነው፣ መጫን ካስፈለገ ቦታውን ስቷል። አዲሱን ፔስት የአተር ክክ የምታክል ብቻ አድርጉ።

በርቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ሂትሲንኩ አልተቀመጠም። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዚያም ካለፈ ራሱን ለማዳን ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። በፕላስቲክ እግር የሚገጠመው የኢንቴል ሂትሲንክ ከአራቱ አንዷ ብቻ ካልገባች እንኳ ለችግሩ በቂ ናት፤ ከኋላ በኩል እዩ፣ አራቱም ወጥተው መታየት አለባቸው። አዲስ ሂትሲንክ ከሆነ ደግሞ ታችዋ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ፕላስቲክ አንስታችኋል? በብሎን የሚታሰር ከሆነ በሰያፍ የሚተያዩትን ጥንድ ጥንድ እያፈራረቃችሁ እሰሩ፣ ግን አታክርሩት፣ ቦርዱ ከጎበጠ ፒን ይለቃል።

አሁንም እምቢ ካለ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 የምትባለዋን ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ለ5 ደቂቃ አውጧትና መልሷት። ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ካሳያችሁ ዲስኩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ባትሪዋ ስትወጣ ቅንብሩ ስለሚሰረዝ ባዮስ (የማዘርቦርዱ የቅንብር ገጽ) ውስጥ የሳታ ሞድ የሚባለው የዲስክ ቅንብር ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ወይም በተቃራኒው ተቀይሮ ይሆናል፤ ወደ ድሮው መልሱት።

ፕሮሰሰሩ መሞቱን ለመለየት እኔ የምወደው ዘዴ ይህ ነው። ራሙን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ አብሩት። ማዘርቦርዱ ላይ ስፒከር ካለና ቢፕ ቢፕ ካለ፣ ወይም የራም ስህተት መብራት ካበራ፣ ፕሮሰሰሩ ሕያው ነው፤ ራም የለም ብሎ እየጮኸ ያለው እሱ ራሱ ነው። ያኔ ጥረታችሁን ራሙና ሶኬቱ ላይ አድርጉ። ምንም ካላለ ተመሳሳይ ሶኬት ያለው የጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ፕሮሰሰሩን ሞክሩት። እዚያ ከሠራ ለጠጋኙ «ፕሮሰሰሩ ተሞክሯል፣ ቦርዱን እይልኝ» ብላችሁ ስጡት።